ፎቶ አንሱ እንጂ ወፍ አታስነሱ

ፎቶ ማንሳትን ለጀማሪ የሚያስተምሩ የፈረንጅ መጻሕፍትና ቪዲዮዎች አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው፤ ተማሪውን ካሜራ አስይዘው መጀመሪያ የሚልኩት ወደ ሐይቅ ዳር ነው። ሐይቁ ላይ ደግሞ የግድ ስዋን አለች። ነጭ፣ ረጋ ያለች፣ አንገቷን ቆልመም አድርጋ በመናፈሻው ውሃ ላይ የምትንሸራሸር፣ ዳቦ የለመደች፣ ሰው የማትፈራ ወፍ። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ሞዴል ከየት ይመጣል? አትሮጥም፣ አትደበቅም፣ (ጫጩት ካልያዘች በቀር) «ለምን አነሳችሁኝ» ብላም አትጣላም።

እኛ ስዋን የለንም። የፈረንጅ ብርድ ሲበረታ ከአውሮፓና ከእስያ ተነስተው ወደ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን የሚወርዱ ዳክዬዎች፣ ሽመላዎችና ሌሎች ብዙ እንግዶች አሉን፤ ስዋኖቹ ግን እኛ ጋ አይደርሱም። ይቅሩ! ከ850 በላይ የወፍ ዝርያ የተመዘገበበት አገር በአንድ ወፍ አይቀናም። ፔሊካን አለችን። ሐዋሳ አለች፣ ዝዋይ አለች፣ ባሕር ዳር ጣና ላይ አለች። እሷም ነጭ ናት፣ እሷም ቀስ ብላ ትዋኛለች፣ ክንፏን ስትዘረጋ ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወደ 3 ሜትር ትጠጋለች። ስለዚህ ፈረንጁ ስለ ስዋን የጻፈውን የካሜራ ትምህርት ሁሉ «ስዋን» የሚለውን ሰርዘን «ፔሊካን» እያልን ልናነበው እንችላለን።

አንድ ነገር ግን እዚያ ትምህርት ውስጥ ብዙ ጊዜ አይገኝም። የመናፈሻዋ ስዋን ብትጠጓትም የትም ስለማትሄድ መጽሐፉ ስለ እሱ መጻፍ አላስፈለገውም። የእኛዋ ግን ትሄዳለች። እናም እኛ የዚህ ገጽ ጸሐፊዎች የምንለው ይህ ነው፤ በአገራችን ሐይቆች ዳር ካሜራ ይዞ የሚቆም ጀማሪ የመጀመሪያ ትምህርቱ ስለ ሌንስና ስለ ሸተር ስፒድ ሳይሆን ወፏን ስላለማስነሳት መሆን አለበት። ፎቶውን አንስታችሁ ስትመለሱ እሷ ስትሠራ የነበረውን እየሠራች ካገኛችኋት ጥሩ ፎቶ አንሺ ናችሁ። ፎቶው ቢበላሽም እንኳ!

«ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ቅንጦት ነው? አገሩ ስንት ጉድ እያለበት እናንተ ለወፍ ትጨነቃላችሁ» የሚል ወዳጅ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ታገሱን።

ባለፈው ጥር ከመካከላችን አራት ሆነን ሐዋሳ ላይ ጀልባ ተከራይተን ነበር። ጀልባ ነጂው ትሁትና ጨዋታ አዋቂ ልጅ ነው። ከዳር ትንሽ እንደራቅን ሃያ የሚሆኑ ፔሊካኖች ውሃው ላይ ሰብሰብ ብለው አየን። ካሜራችንን ገና ከቦርሳ ሳናወጣ ሞተሩን አስጩኾ ቀጥ ብሎ ወደ መሃላቸው ነዳው። «ቆይ ቆይ፣ ወንድሜ፣ ምን እያደረግህ ነው?» ስንለው ግራ ገባው። «ፎቶ አይደል የምትፈልጉት? ሲነሱ እኮ ነው የሚያምሩት!» አለን። ሞተሩን እንዲያጠፋና እዚያው እንድንቆም ስንጠይቀው ደግሞ ነዳጅ ልንቆጥብለት የፈለግን መስሎት አመሰገነን።

ልጁ ክፉ ሰው አይደለም። ደንበኛ የሚፈልገውን የሚያውቅ ነጋዴ ነው። ከእኛ በፊት የጫናቸው ሁሉ ያጨበጨቡት፣ ጉርሻም የሰጡት ወፎቹ ሲነሱ ነው። ስለዚህ ያስነሳል። ሌላ ሐይቅ ዳር ደግሞ በጀልባው ምትክ ድንጋይ የሚወረውር ልጅ ታገኛላችሁ። ድንጋዩን የሚወረውረው ልጁ ይሁን እንጂ ድንጋዩን የሚገዛው ባለ ካሜራው ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከአዲስ አበባ ተነስተን፣ ማታ ፎቶውን ለጥፈን፣ እሑድ የላይኩን ብዛት የምንቆጥረው እኛ የከተማ ልጆች ማለት ነው። ገበያው እኛ ነን። ገበያው ሌላ ነገር ቢጠይቅ ልጁም ሌላ ነገር ያቀርባል፤ ይህንን ለማወቅ ኢኮኖሚክስ መማር አያስፈልግም።

ለመሆኑ ብትነሳ ምን ትሆናለች? በረረች፣ ዞረች፣ ተመልሳ አረፈች፤ አለቀ አይደል? አላለቀም። ነጭ ፔሊካን ከሚበርሩ ወፎች ሁሉ ከባዶቹ ተርታ የምትመደብ ናት፤ ወንዱ 10 ኪሎና ከዚያ በላይ ይመዝናል። ያንን ክብደት ከውሃ ላይ ለማንሳት ክንፏን እያራገበች፣ በሁለት እግሯ ውሃውን እየረገጠች መንደርደር አለባት። ከተነሳች በኋላ ሞቃት አየር ላይ ተንሳፍፋ ያለ ብዙ ድካም ሩቅ ትሄዳለች፤ ጉልበቷን የሚበላው መነሳቱ ነው። አሁን አስቡት፤ ጠዋት አንድ ጀልባ አስነሳት፣ ረፋድ ላይ ሁለተኛው፣ ከሰዓት ሦስተኛው። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ጀልባው ብዙ ነው። በልታ ያገኘችውን ጉልበት ለእኛ ፎቶ ስትከፍል ትውላለች።

በሶዳ ሐይቆቻችን ላይ የሚገኙት ፍላሚንጎዎች ነገር ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ትንሿ ፍላሚንጎ የምትበላው በዓይን የማይታይ የውሃ ውስጥ ተዋሕሲ ነው። ጭንቅላቷን ገልብጣ ውሃውን በመንቁሯ እያጣራች ስለሆነ የምትመገበው፣ ለመጥገብ ረጅም ሰዓት ያስፈልጋታል። ያንን ሰዓት በድንጋይ የሚያቋርጥ ሰው ከአፏ ነጠቃት ማለት ነው። ጎጆ ባለበት ቦታ ደግሞ ነገሩ ከምግብ ያልፋል። እናት ስትነሳ እንቁላሉና ጫጩቱ ለፀሐይና ለአዳኝ ወፍ ይጋለጣሉ። ለአንድ ፎቶ ብለን የአንድ ዓመት ጫጩት ልናስበላ እንችላለን።

እና ምን ያህል እንቅረብ? በሜትር ልንነግራችሁ አንችልም፤ አሞራ ገደል ያለችው ፔሊካን ዓሣ አጥማጅ መሃል ስለዋለች ክንዳችሁን ዘርግታችሁ የማትነኳት እስኪመስል ትቀርባችኋለች፤ ሐይቁ መሃል ያለችው ግን ከሩቁ ትሸሻለች። ሜትሩን ራሷ ትነግራችኋለች። መጀመሪያ ስትሠራ የነበረውን ታቆማለች፤ ላባዋን ስታበጥር ከነበረ መንቁሯን ከላባው ታወጣለች፣ አሸልባ ከነበረ አንገቷን ቀና ታደርጋለች። ይህ የመጀመሪያው ነው፤ እዚህ ላይ ቁሙ። እንዲያውም አንድ እርምጃ ተመለሱ። ቀጥሎ ፊቷን አዙራ ቀስ ብላ መራቅ ትጀምራለች። ያኔ ዘግይታችኋል። ከዚያ በኋላ ያለው ክንፍ ነው።

የሚገርመው በመጀመሪያው ምልክት ላይ ቆማችሁ አምስት ወይም አሥር ደቂቃ ብትጠብቁ ብዙ ጊዜ ትረሳችኋለች። አንገቷን ትመልሳለች፣ ወደ ሥራዋ ትገባለች። ከፍ ያለ ሰው ስለሚያስፈራት ቁጭ ብትሉ ደግሞ ቶሎ ትረሳችኋለች። ቁጭ ማለት ለፎቶውም ይበጃል፤ ጀማሪ ሁሉ ቆሞ ወደ ታች እያየ ስለሚያነሳ ወፏ ሰሃን ላይ የተቀመጠች ዶሮ ትመስላለች። ስልካችሁን ወይም ካሜራችሁን ወደ ውሃው ዝቅ አድርጋችሁ ከዓይኗ ትይዩ ስታነሱ ግን ከኋላዋ ያለው ውሃ ይደበዝዛል፣ እሷ ጎልታ ትወጣለች፣ ጥላዋም ውሃው ላይ ሙሉ ሆኖ ይታያል። ሱሪያችሁ ጭቃ ይነካል፤ ይንካ። (ሐዋሳም ዝዋይም ጣናም ጉማሬ እንዳለ ግን አትርሱ። የት ቁጭ እንደሚባል የአካባቢውን ሰው ሳትጠይቁ ቄጠማ ውስጥ እንዳትገቡ።)

ስለ ነጭነቷ ትንሽ እናውራ፤ ጀማሪ ሁሉ የሚበሳጨው እዚህ ላይ ነውና። ካሜራ ማለት ዓለም ሁሉ አመድማ መስሎ የሚታየው መሣሪያ ነው። ጥቁር ሰማያዊ ውሃ ላይ አንዲት ነጭ ወፍ ሲያይ «ይህ ቦታ ጨልሟል» ብሎ ብርሃን ይጨምራል። ውሃው ልክ ይመጣል፣ ወፏ ግን ትቃጠላለች፤ ላባ የሌላት፣ የሳሙና አረፋ የመሰለች ነጭ ነገር ሆና ትቀራለች። የተቃጠለ ነጭ ደግሞ በኋላ በምንም ፕሮግራም አይመለስም። መፍትሔው ቀላል ነው። በስልክ ከሆነ ስክሪኑ ላይ ወፏን ንኩ፤ አጠገቧ ትንሽ የፀሐይ ምልክት ስትወጣ ላባዋ እስኪለይ ድረስ ወደ ታች ሳቧት። በካሜራ ከሆነ የብርሃን ማስተካከያውን ወደ ሲቀነስ 1 ገደማ አውርዱት። ነገር ግን ወፏ ቀርባ ፎቶውን ሙሉ በሙሉ ከሞላችው ተቃራኒው ይሆናል፤ ካሜራው «ብርሃን በዛ» ብሎ ያጨልማል፣ ነጯ ወፍ ያልታጠበ ነጠላ ትመስላለች። ያኔ ጨምሩ። ይህችን አንዲት ነገር የገባው ሰው የብዙ ሺህ ብር ካሜራ ይዞ ካልገባው ሰው የተሻለ ፎቶ ይዞ ይመለሳል።

ከመሣሪያው ይልቅ የሚወስነው የቆማችሁበት ቦታ ነው። ሐዋሳ ከተማ ከሐይቋ በስተ ምሥራቅ ስለሆነች ጠዋት ፀሐይ የምትወጣው ከጀርባችሁ ነው። ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ብርሃኑ ዝቅ ብሎ፣ ሞቅ ብሎ በቀጥታ ወፏ ላይ ያርፋል። ከተማው ሁሉ ፎቶ የሚነሳበት የማታው ሰዓት ደግሞ ፀሐይዋን ከፊት ያመጣታል፤ ጥቁር ጥላ ከፈለጋችሁ ግሩም ነው፣ ላባ ከፈለጋችሁ ግን አይሆንም። ዝዋይ የዚህ ግልባጭ ናት። ከተማዋ (ባቱ) ከሐይቁ በስተ ምዕራብ ስለሆነች ለወፍ የሚሻለው ከሰዓት በኋላ ከ10 ሰዓት ወዲህ ነው። ባሕር ዳር ከጣና በስተ ደቡብ ናት፤ በታኅሣሥና በጥር ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ቀኑን ሙሉ ለማለት ይቻላል ብርሃኑ ከኋላችሁ ነው። ጠዋት ሐዋሳ ደርሶ በማግሥቱ ከሰዓት ዝዋይ ላይ ቆይቶ ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ ሰው ሁለቱንም ብርሃን አገኘ ማለት ነው፤ ዝዋይ መንገድ ላይ ናት።

ወደ ክርክራችን እንመለስ። ብዙዎች የሚያነሱት ጥያቄ አለ፤ «ካላስነሳናት የበረራ ፎቶ ከየት ይመጣል?» ይላሉ። ከእሷው ይመጣል! ወፍ እኮ ያለ እናንተም ትበራለች። ጠዋት ከማደሪያዋ ትመጣለች፤ ስትመጣ ደግሞ ሁለት እግሯን ወደ ፊት ዘርግታ ውሃው ላይ እንደ ፍሬን እየተጠቀመች፣ ውሃውን እየሰነጠቀች ታርፋለች። እንዲህ ያለ ፎቶ ድንጋይ ወርውሮ የሚያገኝ የለም፤ ድንጋይ የሚሰጣችሁ የምትሸሽ ወፍ ጀርባ ነው። ረፋዱ ላይ መሬቱ ሲሞቅ ደግሞ ሞቃቱን አየር ተሳፍረው በቡድን እየዞሩ ከፍ ይላሉ። ከባድ ወፍ የምትነሳውም የምታርፈውም ፊቷን ወደ ነፋሱ አድርጋ ስለሆነ፣ ነፋሱ ከኋላችሁ የሚመጣበትን ቦታ ከመረጣችሁ ፊቷን ይዛ ወደ እናንተ ትመጣለች። ሸተራችሁን 1/1000 ሰከንድ ላይ አድርጉና ጠብቁ።

መጠበቅ የማይችል ደግሞ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር የሆነችውን ዓሣ ያዥ ይፈልግ። ይህች ትንሽ ወፍ ዓሣ ስትፈልግ አየር ላይ እንደ ሄሊኮፕተር አንድ ቦታ ቆማ ክንፏን ታራግባለች፤ ከዚያ ጭንቅላቷን አስቀድማ ወደ ውሃው ትወረወራለች። አየር ላይ ለምትቆም ወፍ ፎከስ ማድረግ ለጀማሪ ትልቅ ገጸ በረከት ነው። ከስታ ከወጣችም ደጋግማ ትሞክራለች፤ ከእኛ ይልቅ ትዕግሥት አላት።

ስለ አሞራ ገደል ሳንናገር ብናልፍ ሐዋሳዎች ይቀየሙናል። ዓሣ የሚራገፍበት፣ የሚበለትበት፣ ሾርባው የሚፈላበት ያ ቦታ ለጀማሪ ፎቶ አንሺ ከየትኛውም ትምህርት ቤት ይበልጣል። ቆሮሶው ሲበለት አንጀቱ ይጣላል፤ የተጣለውን ለማግኘት ፔሊካኑም አባ ኮዳውም ይሰለፋል። (አባ ኮዳን ቆንጆ ነው የሚል ሰው አላጋጠመንም። ጭንቅላቱ የተመለጠ፣ አንገቱ ላይ ያንን ኮዳ ያንጠለጠለ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ የሚሄድ ጡረታ የወጣ ዳኛ ይመስላል። ፎቶ ላይ ግን ከፔሊካን የበለጠ ፊት ያለው እሱ ነው፤ አትናቁት።) እዚህ ወፍ መብላቱ የዕለት ሥራ ነው፤ የሚጣልላቸው ቢጣልላቸው የሚያስከፋን ነገር የለም። ያልወደድነው ለባለ ካሜራ ሲባል አንጀቱን በገመድ አስሮ ማዘለል ነው። አፏ ከደረሰ በኋላ መልሶ መጎተት ምን ይሉታል? ገንዘብ የሚከፈልበት ስለሆነ ነው የሚደረገው፤ አትክፈሉ። ለልጆቹ መስጠት ከፈለጋችሁ ወፍ ስላሳዩዋችሁ ስጧቸው። የትኛው ወፍ በስንት ሰዓት የት እንደሚያርፍ ከእነሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ ለዚያ እውቀት ቢከፈላቸው ይገባቸዋል።

ሌላም አለ። እዚያ ያሉት ዓሣ አጥማጆች የፎቶ ጌጥ አይደሉም። ሌሊቱን መረብ ላይ ያደሩ አባት ፊት ላይ ሌንስ ከመደቀን በፊት «አባባ፣ እንደምን አደሩ? ፎቶ ባነሳዎት ይከፋዎታል?» ማለት ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል? ከፋኝ ካሉ ከፋቸው፤ ተዉት። ፈረንጅ ቱሪስት እንዲህ ሲያደርግ የምንቆጣ ልጆች፣ ከአዲስ አበባ ሄደን ያንኑ ስናደርግ ዝም የምንልበት ምክንያት አይታየንም።

አሁን «አገሩ ስንት ጉድ እያለበት» ወዳለን ወዳጃችን እንምጣ። ጉዱ ሐይቁም ላይ አለ። አቢጃታን ውሰዱ። ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ፣ ከላንጋኖ በሆራ ቀሎ በኩል ውሃ የሚመጣለት፣ መውጫ የሌለው ጥልቀት አልባ ሐይቅ ነው። ከላይ ውሃው ለመስኖ ሲጠለፍ፣ ከራሱም ለሶዳ አሽ ሲቀዳ፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከነበረው ስፋት ግማሽ ያህሉን አጥቷል። ውሃው ሲያንስ ጨዋማነቱ ጨመረ፣ ዓሣው ጠፋ። ዓሣው ሲጠፋ ደግሞ ጎረቤቱ ሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ ጎጆ ሠርተው፣ ምግባቸውን ከአቢጃታ ያመጡ የነበሩት ፔሊካኖች ጓዳቸው ባዶ ሆነ። ሻላ 266 ሜትር የሚጠልቅ ግሩም ሐይቅ ነው፤ ያን ሁሉ ፔሊካን የሚመግብ ዓሣ ግን የለውም። ሐረማያ ደግሞ ጭራሹን ደርቆ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ እስከ መሆን ደርሶ ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ውሃው ሲመለስ ወፎቹም ተመልሰዋል። ጣና ላይ እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ የእምቦጭ ነገር የሚታወቅ ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ፎቶ ያነሳ ሰው ነበር? ሳተላይት ከ1972 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የውሃውን ስፋት ከላይ እያነሳ ነው። ሳተላይት ግን የሐይቁ ዳር ላይ በዚያ ጠዋት ስንት ፔሊካን እንደነበረ፣ ስንቱ ጫጩት ስንቱ ትልቅ እንደሆነ አይነግረንም። ያንን የሚነግር ቦታውና ቀኑ የሚታወቅ ተራ ፎቶ ነው። በየዓመቱ በጥር ገደማ በዓለም ዙሪያ የውሃ ወፎች ይቆጠራሉ፤ ቆጠራው ከ1967 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚካሄድ ነው። ቆጣሪ ግን ሁልጊዜ ከሐይቁ ያንሳል። አንድ የሐዋሳ ተማሪ በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ እዚያው ቦታ ቆሞ፣ እዚያው አቅጣጫ፣ በስልኩ አንድ ፎቶ ቢያነሳ በዓመት 12፣ በአምስት ዓመት 60 ፎቶ ይኖረዋል። ይህ ማንም የሌለው መዝገብ ነው። ኢበርድ ወይም አይናቹራሊስት የሚባሉት የኢንተርኔት መዝገቦች ላይ በነፃ ቢያስገባው ደግሞ ተመራማሪ ይጠቀምበታል። የወፏን ስም ባያውቅ እንኳ ፎቶውን አይተው ስሟን የሚነግሩት ሰዎች አሉ። ነጯን ፔሊካን ከዚያች አነስ ብላ ግራጫ ከሚበዛባት ዘመዷ መለየት ብዙዎቻችን የተማርነው እንዲሁ ነው።

እዚህ ላይ ነው ያለማስነሳት ነገር ከርኅራኄ አልፎ ከሥራ የሚገባው። የተረበሸ መንጋ አይቆጠርም። ግማሹ አየር ላይ፣ ግማሹ ቄጠማ ውስጥ፣ አንዳንዱም ወደ ሌላው ዳር ሄዶ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። ደጋግሞ የተረበሸ መንጋ ደግሞ ቦታውን ይለቃል። ከዓመት በኋላ «እዚህ ፔሊካን የለም» ተብሎ ይመዘገባል፤ ወፍ የሌለበትን ዳር ደግሞ አጥሮ ለመሸጥ የሚከራከር ሰው አይታጣም። የወፏ እዚያ መኖር ለዳሩ ጠበቃው ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። ዛሬ «ፀሐይ ስትጠልቅ የሚበርር የፔሊካን መንጋ» ብሎ ለኮምፒውተር የጻፈ ሰው በሰከንዶች ውስጥ ከየትኛውም የእኛ ፎቶ የሚያምር ምስል ያገኛል። በውበት ከእሱ ጋር መወዳደር አንችልም፤ ለምን እንወዳደራለን? ያ ምስል የሌለው አንድ ነገር አለ። የተነሳበት ጠዋት የለውም። የእናንተ ትንሽ ደብዘዝ ያለች፣ ወፏ ዳር የቀረችባት ፎቶ የተነሳችበት ጠዋት አላት፣ ቦታ አላት፣ ያኔ ውሃው የት ድረስ እንደነበረ ታሳያለች። ድንጋይ ወርውረን የሠራነው «ድራማ» ግን ከኮምፒውተሩ ምስል የሚለየው ወፏን ማድከሙ ብቻ ነው።

«እኛ ብንተወው ሌላው ያስነሳታል» የሚል ክርክርም ሰምተናል። ያስነሳት ይሆናል። ቢሆንም ጀልባ ነጂው በቀን የሚጭነው ጥቂት ቡድን ነው፤ ከእነዚህ አንዱ የተለየ ነገር ቢጠይቀው ያስታውሳል። የእኛው ልጅ ሞተሩን ካጠፋ በኋላ ሩብ ሰዓት ያህል እየተንሳፈፍን ቆየን። ፔሊካኖቹ ግማሽ ክብ ሠርተው ዓሣ ከበው ወደ ዳር እየነዱ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መንቁራቸውን ውሃ ውስጥ ሲከቱ ከጀልባችን አጠገብ አለፉ። ሐይቁ ላይ የሚሠራው ልጅ ራሱ «እንዲህ ቀርበው አይቼ አላውቅም» ብሎ ስልኩን አወጣ።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ቅዳሜ የምትሄዱ ካላችሁ፣ ጀልባው ላይ ሳትወጡ ዋጋውን በጉዞው ብዛት ሳይሆን በሰዓት ተስማሙ፤ በጉዞ ከሆነ ነጂው ቶሎ ጨርሶ ሌላ ለመጫን ይቸኩላል፣ መቸኮሉም አይፈረድበትም። ወፎቹ ገና ሩቅ ሳሉ ሞተሩን እንዲያጠፋ አስቀድማችሁ ንገሩት። ነፋሱ ወይም መቅዘፊያው ይወስዳችኋል። ጉርሻውን ስትመለሱ ስጡት፤ ስትሰጡትም ስለ ምን እንደሆነ ንገሩት።